ወተቱን አስቀምጡት፤ መጀመሪያ የጠጣውን ዕወቁ

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

ልጅ በረኪና ጠጣ ሲባል፣ ሰው ከሰል አፈነው ሲባል፣ ገበሬ መድኃኒት ሲረጭ ወደቀ ሲባል በአብዛኛው ቤት መጀመሪያ የሚፈለገው ወተት ነው። ከቤት ከታጣ ጎረቤት ይንኳኳል፤ ጎረቤት ከሌለው ባለሱቁ ከእንቅልፉ ይቀሰቀሳል። ወተቱ ከተጠጣ በኋላ ጣት ጉሮሮ ውስጥ ይገባል፤ አልመልስ ካለ የኦሞ ውሃ ይበጠበጣል፣ ጨው ይሟሟል፣ ተልባ ይመታል። በዚህ መሀል ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ሙሉ ሰዓት ያልፋል። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በድንገተኛ ሕክምናና በፋርማሲ ሙያ ላይ ያለን ሰዎች ስንሆን የምንለምነው አንድ ነገር ነው፤ የተመረዘ ሰው አፍ ውስጥ ምንም ከመጨመራችሁ በፊት መርዙ ምን እንደሆነና በየት በኩል እንደገባ ዕወቁ።

ወተት የመርዝ ማርከሻ ነው የሚለው እምነት ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም። የሚያቃጥል ነገር ለዋጠ ሰው ጉሮሮውን ለጊዜው ያለሰልስለታል፤ ስለዚህ የሠራ ይመስላል። ግን መርዝ ሁሉ በአንድ በር አይገባም። የከሰል ጋዝ በሳንባ አልፎ ደም ውስጥ ነው ያለው፤ ወተቱ የሚወርደው ጨጓራ ውስጥ ነው፤ ሁለቱ አይገናኙም። በቆዳ የገባ ፀረ ተባይም እንዲሁ። በአፍ የገባ ቢሆን እንኳ፣ እንደ ዲዲቲ ያለ በስብ የሚሟሟ መርዝ ቅባት ሲጨመርበት ወደ ደም መግባቱ ይፈጥናል እንጂ አይዘገይም። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ደግሞ ሆዱ መሙላቱ ነው። ግማሽ ሊትር ወተት የያዘ ጨጓራ መገልበጡ አይቀርም፤ ራሱን እየሳተ ያለ ሰው ደግሞ ትውከቱን ወደ ሳንባው ይስበዋል። ከመርዙ ሊተርፍ ይችል የነበረ ሰው በዚህ ሊሞት ይችላል።

ማስመለስም ከወተት አይሻልም። ድሮ በየሕፃናት መጽሐፉ ይመከር የነበረውን ኢፔካክ የተባለ የማስመለሻ ሽሮፕ እንኳ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2003 እ.ኤ.አ. ከቤት አውጥታችሁ ጣሉት ብሏል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ትውከት መርዙን ጠራርጎ አያወጣም፤ ግማሹን እንኳ ስለማውጣቱ ዋስትና የለም፤ የሚያመጣው ጉዳት ግን የታወቀ ነው። የሚያቃጥል ነገር ሲወርድ ያቃጠለውን ጉሮሮ ሲመለስ ሁለተኛ ያቃጥለዋል። ላምባና ቤንዚን ቀጫጭን ፈሳሾች ስለሆኑ በትውከቱ ጊዜ ወደ አየር ቧንቧ ሾልከው ይገባሉ። የኦሞ ውሃ ሆድ ውስጥ አረፋ ይሠራል፤ አረፋውም ወደ ሳንባ ይሄዳል። ጨው ደግሞ ራሱን የቻለ መርዝ ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ 17 ግራም ያህል ይይዛል፤ ይህ በአንድ ጊዜ ለትንሽ ልጅ ከተሰጠ በደም ውስጥ ያለውን የጨው መጠን አንጎል እስኪጎዳ ድረስ ከፍ ያደርገዋል። ሰው በራሱ ካስመለሰ ጎንበስ አድርጎ ወይም በጎን አስተኝቶ መያዝ ብቻ ነው። አናስገድደው።

ከሰል ፈጭቶ በውሃ ማጠጣትም ይታያል። ሐኪም ቤት የሚሰጠው ጥቁር ዱቄት በልዩ ሁኔታ የተዘጋጀ ነው፤ የአንዱ ግራም ውስጣዊ ቀዳዳ ቢዘረጋ ብዙ መቶ ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ መርዙ የሚጣበቀው እዚያ ላይ ነው። የሚሰጠውም በሰውየው ክብደት በኪሎ አንድ ግራም ያህል ተሰልቶ፣ በአብዛኛው በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ፣ ያውም ሰውየው መዋጥ የሚችል ከሆነ ነው። የማንደጃ ከሰል ይህ ባሕርይ የለውም። ጥርስ ያጠቁራል፣ ሳንባ ከገባም ይጎዳል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚደረገው ከአፍ ጋር አይገናኝም። ከመርዙ አርቁት፤ ጋዝ ከሆነ ወደ ውጭ፣ በቆዳ ከሆነ ከልብሱ፣ በአፍ ከሆነ አፉ ውስጥ የቀረውን በጣት በተጠቀለለ ጨርቅ ጠርጉና (ልጁ ነቅቶ ከሆነ) በውሃ ተጉመጥምጦ ይትፋው። ትንፋሹን ተመልከቱ። ራሱን ስቶ ግን እየተነፈሰ ከሆነ በግራ ጎኑ አስተኙት፤ የላይኛው ጉልበቱ ታጥፎ ወደ ፊት፣ ፊቱ ትንሽ ወደ መሬት ያዘነበለ። ግራ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የጨጓራ መውጫ በቀኝ በኩል ስለሆነ በግራ ሲተኛ ያለው ነገር ወደ አንጀት መውረዱ ይዘገያል፣ ትውከት ቢመጣም ወደ ውጭ ይፈሳል። በጀርባው አስተኝቶ ፊቱ ላይ ውሃ መርጨት ከዚህ በተቃራኒ ያለ ሥራ ነው። ትንፋሹ ከቆመ በደረቱ መሀል፣ ለአዋቂ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን ነው። ፀረ ተባይ ወይም የነቀዝ ክኒን ከሆነ ግን አፍ ለአፍ ትንፋሽ አትስጡ፤ መርዙ ወደ ረዳቱ ይተላለፋል።

በገጠርም በከተማም ትልቁ ጉዳይ ፀረ ተባይ ነው። ማላታይን፣ ዲያዚኖንና መሰሎቻቸው ነርቭ ከጡንቻና ከዕጢ ጋር የሚነጋገርበትን ኬሚካል አፍርሶ የሚያጠፋውን ኢንዛይም ያግዱታል። መልእክቱ ሳይቋረጥ ሲደጋገም ሰውነት ከያለበት ይፈስሳል፤ ለሃጭ ይዝረበረባል፣ እንባ ይወርዳል፣ በብርድም ቢሆን ላብ ያጠምቃል፣ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፣ ሽንት ያመልጣል። የዓይን ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ይጠብባል። ደረቱ እንደሚፈላ ድስት ይንተከተካል፤ ጡንቻው ከቆዳው ሥር ይርገበገባል፤ ከዚያ ማንቀጥቀጥ ይመጣል። የሚገድለውም በአብዛኛው የትንፋሽ መታፈን ነው። አረፋ ደፍቆ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሲታይ የሚጥል በሽታ ነው ተብሎ አፍንጫው ሥር ክብሪት ይጫራል። ለሚጥል በሽታም አይረዳም፤ እዚህ ላይ ግን ልብሱ በሚቀጣጠል ማሟሚያ የረጠበ ሊሆን ስለሚችል እሳት ነው የምታቀርቡለት።

ይህ መርዝ ሳይቆረጥ ቆዳ ያልፋል። ለቅማል ብለው ማላታይን የልጅ ፀጉር ላይ የሚቀቡ፣ ለትኋን ፍራሽ ላይ ረጭተው በዚያው ሌሊት የሚተኙ ቤተሰቦች አሉ። የራስ ቅል ቆዳ ከእጅና ከእግር ይልቅ በፍጥነት ይመጥጣል፤ የልጅ ደግሞ የባሰ ነው። በአፍ ከሆነ ምልክቱ በደቂቃዎች ሊጀምር ይችላል፤ በቆዳ ከሆነ ሰዓታት ሊቆይ ስለሚችል “ምንም አልሆነም” ብሎ መተው አይገባም።

ረዳቱ እጁን መሸፈን አለበት። ጓንት ከሌለ ሁለት ሁለት ፌስታል በእያንዳንዱ እጅ አጥልቁ። ልብሱን ሁሉ፣ የውስጡንም፣ ቀበቶና ጫማ ጨምሮ አውልቁ። በራስ የሚወልቅ ከሆነ በመቀስ ቅደዱት፤ ፊቱ ላይ እየጎተታችሁ አታሳልፉት። በሁለት ፌስታል አሥራችሁ ከሰው አርቁ። ቆዳ ጫማና ቀበቶ መርዙን ይመጠውና አጥቦ ማጽዳት አይቻልም፤ ይቃጠል ግን አይባልም፤ መጣል ነው። ከዚያ ከራስ ፀጉር ጀምሮ በሳሙናና በብዙ ውሃ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ እጠቡት፤ ጥፍር ሥር፣ ከጆሮ ኋላ፣ ብብት፣ እምብርት፣ ብሽሽት የሚረሱ ቦታዎች ናቸው። ተራ የልብስ ሳሙና ይበቃል። ውሃው ሙቅ አይሁን፤ ሙቀት የቆዳን ደም ሥር ከፍቶ መርዙን ያስገባዋል። በሻካራ ነገር መፈግፈግም ቆዳ ይልጣል። ሰውየው እየተንቀጠቀጠ ወይም መተንፈስ እያቃተው ከሆነ ልብሱን አውልቃችሁ፣ በቶሎ አለቅልቃችሁ መንገድ ጀምሩ፤ የ20 ደቂቃ እጥበት ከሐኪም ቤት አይቀድምም።

ሐኪም ቤት የሚሰጠው ማርከሻ አትሮፒን ነው። መጠኑ በየ5 ደቂቃው እጥፍ እየሆነ የሚጨመረው ደረቱ ደርቆ ጥርት ብሎ እስኪተነፍስ ድረስ ነው፤ ብዙ አምፑል ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ቤተሰብ “ይህን ሁሉ መርፌ ለምን?” ብሎ መደንገጥ የለበትም። መደንገጥ ያለበት በሁለተኛው ቀን ተሽሎታል ብሎ አስፈርሞ ይዞ ሲወጣ ነው። ከተመረዘ ከ1 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ አንገት ቀና ማድረግ የሚያቅትበት፣ የትንፋሽ ጡንቻም የሚዝልበት ሁለተኛ ዙር ሊመጣ ይችላል። እንደ ልጅ አንገቱ የወደቀበት ታካሚ ቤቱ ውስጥ ከሆነ ትንፋሹን የሚያግዝለት መሣሪያ የለም።

የነቀዝ ክኒን ሌላ ነገር ነው፤ አያያዙም ሌላ ነው። አሉሚኒየም ፎስፋይድ እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ይለቃል፤ 3 ግራም የሚመዝነው አንዱ ክኒን 1 ግራም ጋዝ ይሰጣል። ክኒኑ ነቀዙን የሚገድለው በዚህ ጋዝ ነው፤ ጋዙ ግን ነቀዝና ሰው አይለይም። ጎተራው ከመኝታው በአንድ ግድግዳ በሚለይበት ቤት በጭቃው ስንጥቅ አልፎ የተኛውን ያገኘዋል። እንደ ነጭ ሽንኩርት ወይም እንደ ከረመ ዓሣ ይሸታል፤ ሽታው ግን ሁልጊዜ አይሰማም፤ ስላልሸተተ የለም ማለት አይደለም። ክኒን የተደረገበት እህል ባለበት ቤት ሰው አያድርም። መለያው ላይ የተጻፈው ቀን ሞልቶ፣ በርና መስኮት ተከፍቶ ተናፍሶ ነው የሚገባው፤ በደጋ ቅዝቃዜ ደግሞ ክኒኑ የሚሟሟው በዝግታ ስለሆነ ቀኑ ይረዝማል እንጂ አያጥርም። ቤተሰቡ በሙሉ አስመለሰኝ፣ ደረቴን ጫነኝ፣ ራሴን አዞረኝ ካለና ጎተራው ውስጥ ክኒን ካለ፣ የምግብ መበከል ነው ብላችሁ አትቀመጡ። ሁላችሁም ውጡ።

ክኒኑ ከተዋጠ በአፍ ምንም አይሰጥም። ወተትም፣ ውሃም። እርጥበት ጋዙን የሚያስወጣው ስለሆነ። በዝግ መኪና አትውሰዱት፤ ትንፋሹና ትውከቱ ራሱ ጋዝ ያወጣል፤ መስኮቱ ሁሉ ይከፈት፤ ትውከት የነካው ልብስ ውጭ ይቅር። መሬት ላይ የፈሰሰ ክኒንም ውሃ አይደፋበትም፤ በደረቅ መጥረጊያ ተጠርጎ ወደ ሜዳ ይወጣል። ደህና መስሎ ቢታይም፣ ቢነጋገርም በዚያው ደቂቃ ወደ ሆስፒታል ነው፤ የልብ ጉዳቱ ሰዓታት ቆይቶ ነው የሚወጣው።

አሁን ወደ ከሰል። ብዙ ሰው አደገኛው ጭሱ ነው ብሎ ያምናል፤ ስለዚህ ከሰሉ ውጭ ይያያዝና ፍም ሲሆን፣ ጭሱ ሲጠፋ ወደ ክፍል ይገባል። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አይታይም፣ አይሸትም፤ ቀይ ፍምም ያመነጨዋል፤ አመድ የለበሰው ደግሞ አየር ስለሚያጥረው አያንስም። ከደም ጋር የሚይዘው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ነው። የክረምት ማሞቂያ፣ ቡና ተፈልቶ የቀረ ማንደጃ፣ ብርድ እንዳይገባባት በሚል ስንጥቁ ሁሉ የተደፈነ የአራስ ክፍል፣ መብራት ሲጠፋ በረንዳ ላይ ያለ ጄኔሬተር፤ ሁሉም አንድ ናቸው።

ጠዋት በራስ ምታትና በማቅለሽለሽ የነቃ ሰው ምች መታኝ ይላል፤ ዳማከሴ ይታሽለታል፤ ከዚያ ተመልሶ እዚያው ክፍል ይተኛል። ምች አንድን ሰው ነው የሚመታው እየተባለ የሚነገረው። በአንድ ክፍል ያደሩ ሁለት ሦስት ሰዎች አብረው ራሳቸውን ካመማቸው፣ ውጭ ሲወጡም ከቀለላቸው፣ ማንደጃውን ፈልጉ። በሩን ከፍታችሁ ግቡ፤ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ጎትታችሁ አውጡት እንጂ ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ አታናግሩት። ውጭ አየር ላይ በጎኑ አስተኙት። ወተት፣ ሎሚ፣ ሽንኩርት ማሽተት ደሙ ላይ የተጣበቀውን ጋዝ አያላቅቀውም። የሚያላቅቀው ኦክስጅን ነው፤ በተራ አየር የጋዙ ግማሽ እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ በሐኪም ቤት ጭምብል በሚሰጥ ኦክስጅን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ግድም ይወርዳል። ወተት ፍለጋ የጠፋው ሰዓት ከዚህ ላይ ነው የሚቀነሰው።

ከኮሮና ወዲህ በየቤቱ የገባችው ጣት ላይ የምትሰካ የኦክስጅን መለኪያም እዚህ ላይ ታታልላለች። ኦክስጅን የተሸከመውን ደምና ይህን ጋዝ የተሸከመውን ደም ስለማትለይ፣ ታፍኖ ለወደቀ ሰው 98 ልታሳይ ትችላለች። ቁጥሩን አይታችሁ አትቅሩ። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ እሷ ተሽሏት ቢሆን እንኳ የፅንሱ ደም ጋዙን የሚለቀው ዘግይቶ ስለሆነ መሄድ አለባት።

በረኪና እንደሚፈራው አይደለም፤ ይህንንም መናገር ተገቢ ነው። የቤት በረኪና ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 በመቶ ብቻ ያለው ነው፤ አንድ ጉንጭ የቀመሰ፣ አፉ ያልተላጠ፣ ምራቁን የሚውጥ ልጅ አፉ ታጥቦ ሁለት ሦስት ጉንጭ ውሃ ወይም ወተት ቢጠጣ ይበቃዋል። ወተት ቦታ ካለው ይኸው ነው፤ ያውም በጉንጭ እንጂ በብርጭቆ አይደለም። ብዙ የጠጣ፣ ለሃጩን መዋጥ ያቃተው፣ ድምፁ የተዘጋ፣ ደም ያስመለሰ ግን ቀጥታ ሆስፒታል። በረኪናን ከሽንት ቤት አሲድ ወይም ከኮምጣጤ ጋር መቀላቀል ክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ ሁለቱም ያጸዳሉ ብላ በጠባብ መታጠቢያ ቤት የቀላቀለች ሰው በደቂቃ ውስጥ ማሳል ትጀምራለች። በሩን ከፍቶ መውጣት ነው፤ ተመልሶ ለማጠብ መግባት የለም። የፍሳሽ መክፈቻ፣ ኮስቲክ ሶዳና የባትሪ አሲድ ግን የበረኪና ወንድሞች አይደሉም። የምግብ ቧንቧን ሊበሱ ይችላሉ፤ አፍ ከማጠብ በቀር ሐኪም እስኪያየው ምንም አይዋጥ። አሲድን በሶዳ፣ ሶዳን በሎሚ እናርክስ ማለት ደግሞ ሙቀት ፈጥሮ የተቃጠለውን መቀቀል ነው።

ላምባ የጠጣ ልጅ ወዲያው ካሳለ ወይም ከታነቀ የተወሰነ ወደ ሳንባው ገብቷል ማለት ነው፤ ከአንድ ሚሊ ሊትር ያነሰ እንኳ ይበቃል። ወተትም ዘይትም አይሰጥ፤ ልብሱን አውልቆ ቆዳውን በሳሙና ማጠብና መውሰድ። ምንም ያልታየበትም ቢሆን ቢያንስ 6 ሰዓት ባለሙያ ሊከታተለው ይገባል፤ ቶሎ ቶሎ መተንፈስና ትኩሳት የሚመጡት በዚያ ጊዜ ውስጥ ነውና።

ከመድኃኒቶች መካከል ማንም የማይፈራውን እንጥቀስ፤ ለነፍሰ ጡር የሚታደለው የአይረን ክኒን። አንዱ ፍሬ በተለምዶ 60 ሚሊ ግራም አይረን ይይዛል፤ መልኩም ከረሜላ ነው። በልጁ ክብደት በኪሎ ከ20 ሚሊ ግራም ሲያልፍ ሆድ ማስቸገር ይጀምራል፤ 60 ሲደርስ ለሕይወት ያሰጋል። 10 ኪሎ ለሚመዝን የአንድ ዓመት ሕፃን ይህ 10 ፍሬ ማለት ነው፤ ግማሽ እሽግ እንኳ አይሞላም። መጀመሪያ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ የዳነ ይመስላል። ይህ መሻል ብዙ ወላጅ ያዘናጋል፤ ከኋላው የጉበትና የደም ዝውውር ጉዳት ይከተላል። ጥቁሩ የሐኪም ቤት ዱቄት አይረንን አይዝም፤ ስለዚህ ሐኪሞቹ ያን ካልሰጡት አትጨቃጨቁ። ፓራሲታሞልም ከመጠን በላይ ሲወሰድ በመጀመሪያው ቀን ምልክት ሳያሳይ ዝም ይላል። ማርከሻው አሴቲልሲስቲን በደንብ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ውስጥ ከተጀመረ ስለሆነ ዓይን ቢጫ እስኪሆን አይጠበቅም።

ባልታወቀ ቦታ የተጠመቀ አረቄ ጠጥቶ ከ12 እስከ 24 ሰዓት በኋላ ዓይኑ የደበዘዘበት፣ ጭጋግ ውስጥ ያለ የመሰለው ሰው ያደረ ስካር ይዞት አይደለም፤ ሜታኖል ሊሆን ስለሚችል የጠጡት ሁሉ፣ ገና ያልታመሙትም፣ ይሂዱ። አስተናግር (አጤ ፋሪስ) የበላ ሰው ደግሞ አፉ ይደርቃል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ብሌኑ ይሰፋል፣ የሌለ ነገር ያያል። ይህን አይቶ ለክፉ መንፈስ መስጠት የተለመደ ነው። ጸሎቱ አይከለከልም፤ መንገድ ላይም ይጸለያል።

ዓይን ውስጥ ከገባ ጊዜ የለም። ኖራ ወይም ሌላ ዱቄት ከሆነ መጀመሪያ በደረቁ ከሽፋሽፍቱ ይራገፍ፤ ከዚያ የተጎዳው ዓይን ወደ ታች እንዲሆን ራሱን አዘንብሉና ከአፍንጫ ወገን ወደ ውጭ ውሃ አፍስሱ። ቧንቧ በሌለበት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በጆግ እየቀዱ በደቂቃ ከአንድ ሊትር ትንሽ አብልጦ ቢፈስ ለ15 ደቂቃ ይበቃል። ሽፋሽፍቱን በጣት ከፍቶ መያዝ ግዴታ ነው፤ የተጨፈነ ዓይን አይታጠብም። የሴት ወተት ዓይን ውስጥ ማለብ ይቅር።

መንገድ ከመጀመራችሁ በፊት ጠርሙሱን፣ ካርቶኑን፣ የቀረውን ክኒን ያዙ፤ ተክል ከሆነ ቅጠሉን ከነፍሬው። ፀረ ተባይ ከሆነ መለያው ግርጌ ያለው የቀለም መስመር ራሱ ይናገራል፤ ቀይ እጅግ አደገኛ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ እያለ ይቀንሳል። አደጋው መቼ እንደደረሰ ሰዓቱን፣ ስንት እንደጎደለ፣ የልጁን ክብደት፣ ቤት ውስጥ ምን እንደተሰጠው ጻፉ። ወተት ሰጥታችሁ ከሆነም ተናገሩ፤ ማንም አይቆጣችሁም፤ ትንፋሽ ለማገዝ ቱቦ የሚያስገባው ሰው ሆዱ ሙሉ መሆኑን ማወቅ አለበት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥጋት ኮሚሽን በ939 ይገኛሉ። አምቡላንስ ከዘገየ ባጃጅም ያደርሳል፤ የኋላው ወንበር ላይ አንድ ሰው ታቅፎት፣ ፊቱን ወደ ጎንና ወደ ታች አድርጎ፤ ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ አይሆንም።

የተደበቀ ነገርም አለ። ሰው ሆን ብሎ ወስዶ ከሆነ ቤተሰብ ስም እንዳይወጣ “ሆዱን አሞት ነው” ብሎ ያመጣዋል። ሐኪሙ የሆድ ሕመም ሲያክም የማርከሻው ሰዓት ያልፋል። ምን እንደወሰደ በር ዘግታችሁም ቢሆን ለሐኪሙ ንገሩ፤ ለጎረቤት አትንገሩ። መንገድ ላይ አትቆጡት፣ ለምን እንዳደረገው አትመርምሩት፣ ብቻውንም አትተዉት፤ ሲሻለውም ከሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ሳያነጋግር አይውጣ።

ለነጋዴዎችም አንድ ቃል። በረኪናው፣ ላምባው፣ የእርሻ መድኃኒቱ በሃይላንድ እየተቀዳ መሸጡ ካልቀረ ከላይ የጻፍነው ሁሉ አደጋው ከደረሰ በኋላ መሮጥ ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 674 ፀረ ተባይ ተመዝግቦና ቁጥጥር ተደርጎበት እንዲሸጥ ይላል፤ መለያ የሌለው ብልቃጥ በገበያ መሀል መሬት ላይ ተዘርግቶ ሲሸጥ ግን ማንም ሲያነሳው አናይም። ልጅ ማንበብ አይችልም፤ የሚያውቀው የጠርሙሱን ቅርጽ ነው፤ ያ ቅርጽ ደግሞ ለእሱ ውሃ ነው። ጋዜጣችሁ በክረምቱ ወራት ሁለቱን ስልክ ቁጥሮችና “አፉ ውስጥ ምንም አትጨምሩ” የሚለውን አንድ መስመር በሳጥን ቢያወጣ ደስ ይለናል።

ባዶ የፀረ ተባይ ዕቃን በተመለከተ ደግሞ፤ መረጫ ታንኩ ውስጥ ሦስት ጊዜ አለቅልቁት፣ የታጠበበትን ውሃ እዚያው ማሳ ላይ እርጩት፣ ከዚያ ግርጌውን በምስማር ብሱት። የተበሳ ጀሪካን ለጠላም ለውሃም አያገለግልም፤ ገበያ ላይም አይሸጥም።

ከድንገተኛ ሕክምናና ከፋርማሲ ባለሙያዎች፣ አዲስ አበባ